እትዬ የሺ እና ረጅሙ የቢቸና መንገድ

አላመንኩም። ይህን እየጻፍኩም አላመንኩም።

ዛሬ ጠዋት ሞጣ፣ ተረኛ ሆኜ ከነበርኩበት ክፍል ወጥቼ ስልኬን ሳየው ከቢቸና ስድስት ጊዜ ተደውሏል። መልሼ ስደውል የድሮ ባልደረባዬ ሰብለ እያለቀሰች "ነጃት፣ እትዬ የሺ አረፉ" አለችኝ። "የቷ የሺ?" አልኳት፤ የማውቃት አንዲት የሺ ብቻ መሆኗን እያወቅሁ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ።

እትዬ የሺ ቢቸና ውስጥ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አስረው በአረንጓዴ ሳይክል ሥራ የሚገቡ ሴት። እኔ ደግሞ ከከሚሴ ተመድቤ የሄድኩ አዲስ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። የተዋወቅነው አንድ ግቢ ተከራይተን ነው። ሳይክል የገዛሁትም እሳቸውን አይቼ ነው።

ያኔ ከሥራ ስመለስ በከብት ተራው ጀርባ፣ በባሕር ዛፉ መሀል ነበር የማቋርጠው። ቶሎ ያደርሰኛላ!

አንድ ቀን ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሁለት ሰዎች ከዛፉ ሥር ወጡ። አንዱ የሳይክሌን መሪ ያዘ፣ ሌላው የቦርሳዬን ማንገቻ በምላጭ ቆረጠው። ስልኬም መታወቂያዬም ሄደ። እኔን ከነሳይክሌ ቦይ ውስጥ ገፍትረውኝ ተሰወሩ፤ ጉልበቴ ተላላጠ። ጮህኩ። የሰማኝ ሰው አልነበረም።

ሳይክሉን ግቢው ጥግ አቆምኩትና የዝውውር ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ። የምሬን ነው፣ ልሄድ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እትዬ የሺ በሬን አንኳኩ።

"ጉልበትሽ ተሻለው?"

"ደህና ነው።"

"ታዲያ ሳይክሉ ምን ሆኖ ነው የቆመው?"

"ፈራሁ እትዬ።"

"በዚያ መንገድ ለምን ሄድሽ?"

"አጭር ስለሆነ።"

"አጭር መሆኑን እነሱም አላጡትም የኔ ልጅ። እኛ እነሱ የማይወዱትን መንገድ ነው የምንፈልግ። ቅዳሜ ተዘጋጂ።"

ቅዳሜ ጠዋት፣ ልክ ሥራ በምገባበት ሰዓት ይዘውኝ ወጡ። ከቤታችን ሆስፒታል የሚያደርሱትን መንገዶች አንድ በአንድ አስነዱኝ። አመሻሽ ላይ፣ ከሥራ በምወጣበት ሰዓት፣ እንደገና። በየመንገዱ መጨረሻ ቆም ይሉና ይጠይቁኛል፦

"ስንት ሰው ሰላም አለሽ?"

መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። በከብት ተራው ጀርባ ማንም ሰላም አላለኝም። በሁለተኛው መንገድ አንዲት ውኃ የቀዳች ሴት ብቻ። ዞሮ ዞሮ በወፍጮ ቤቱ በኩል በሚያልፈው ግን መቁጠር አቃተኝ። "ይኸው መንገድሽ" አሉኝ።

ማታ ግን ወፍጮ ቤቱ ስለሚዘጋ ሰፈሩ ጭር ይላል። ስለዚህ የመመለሻዬን በባጃጅ መቆሚያው በኩል አደረጉት። አዲሱን ቦርሳዬንም ከትከሻዬ አውርደው ከፊት ቅርጫቱ ጋር አሰሩት። ዳገቱ ላይ ሳይክል ስለሚዘገይ፣ ከቁጥቋጦው ርቄ የሱቆቹን ዳር እንድይዝ አሳዩኝ።

በዚህ አላበቁም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ወርደው ባለቤቱን "ይቺ ልጄ ናት። በየጠዋቱ በዚህ ታልፋለች። ያላለፈች ቀን ጠይቅልኝ" አሉት። የባጃጅ ሾፌሮቹንም እንደዚያው። እኔ አንድም ዘመድ የሌለኝ የከሚሴ ልጅ፣ በአንድ ቅዳሜ የስንት ሰው ልጅ ሆኜ ተመለስኩ።

ማመልከቻውን ቀደድኩት።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ አንድ ሰው ከኋላዬ ሮጦ መጥቶ ቦርሳዬን ያዘ። ማሰሪያው አልበጠስ ሲለው ይታገላል፤ እኔ እጮኻለሁ። ያን ቀን ግን ተሰማሁ! የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ፊቱ ዱቄት እንደለበሰ ዘሎ ወጣ። እህል ጭነው የመጡ ገበሬዎች አህዮቻቸውን መንገዱ ላይ ነድተው ዘጉበት። ሰውዬው መሄጃ አጣ።

ሊደበድቡት ዱላ ሲነሣ እትዬ የሺ ሥራ ሊገቡ ሲሄዱ በሳይክላቸው ደረሱ።

"እጃችሁን ሰብስቡ! ልጄ ምንም አልሆነችም፣ ቦርሳዋም አለ። ለፖሊስ ስጡት።"

ማንም አልነካውም። ለፖሊስ ተሰጠ። እትዬ የሺ ወደ እኔ ዞሩና "ምን ትጠብቂያለሽ? ሰዓት ረፈደ እኮ!" አሉኝ። ሳይክሌ ላይ ወጥቼ ነዳሁ። በሰዓቴ ገባሁ። ያን ቀን ሁለት ሴቶችን አዋለድኩ፤ ሁለቱም በሰላም ተገላገሉ።

ከዚያ በኋላ ሰብለ ሳይክል ገዛች። ከዚያ ሁለት መምህራን። ከዚያ ፋርማሲ የምትሠራዋ ልጅ። እትዬ የሺ ሁሉንም ቅዳሜ ቅዳሜ እያወጡ መንገድ አስመረጡ። እስከማውቀው ድረስ ከእኛ ውስጥ ዳግመኛ የተዘረፈች የለችም።

አግብቼ ሞጣ ስዛወር የመጀመሪያ ሥራዬ መንገድ መምረጥ ነበር። ባለፈው ዓመት ሊጠይቁኝ መጡ። የባልደረባዬን ሳይክል ተውሼ ሰጠኋቸው፤ "አንቺ ቅደሚ" ብለው ከኋላ ተከተሉኝ። በየሱቁ በራፍ "ነጃት! እንዴት አደርሽ!" ሲባል፣ ከኋላዬ ጮክ ብለው ሲስቁ ይሰማኛል። ስንደርስ ላባቸውን በነጠላቸው ጠርገው "እኔን በልጠሽኛል" አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ልባቸውን እንደሚያማቸው ያኔም አልነገሩኝም፤ ዛሬ ከሰብለ ነው የሰማሁት።

እትዬ የሺ፣ ነገ ቢቸና እመጣለሁ። ሰብለ ሁሉንም አሰባስባለች። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሸኙ መምህራኑም፣ ነርሶቹም፣ የፋርማሲዋ ልጅም ሳይክላችንን ይዘን ከኋላዎ እንሰለፋለን። በከተማው መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንንም ሳንፈራ። እዩልን፣ ስንት ሆነናል!

ደህና ይሁኑ፣ እናቴ።