እትዬ ያላስቀመሱኝ ማንኪያ

እትዬ የምላቸው ታላቅ እህቴ፣ ነፍሳቸው በሰላም ትረፍና፣ የፈረንጅ ገና ሲደርስ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ባለው አፓርታማችን ለጎረቤቶቻችን ኤግኖግ የሚባለውን የፈረንጆች የበዓል መጠጥ ይሠሩ ነበር። እንቁላሉን በስኳር መትተው በትኩስ ወተት ያማስሉታል፤ ገውዝ የሚባለውንም ቅመም ይፈቀፍቁበታል። የእኛ ጾም ገና ስላልተፈታ ግን አይቀምሱትም። እኔን በጨጓራዬ ምክንያት ሐኪም ጾም ከልክሎኛል።

«ና አንተ ጾም ሻሪ፣ ቅመስልኝ!»

«ኃጢአቱ የሐኪሙ ነው፣ እትዬ።»

«አፉ ግን ያንተ ነው። ጣፈጠ?»

«ትንሽ ስኳር ይቀረዋል።»

ምንም አይቀረውም ነበር፤ ሁለተኛ ማንኪያ ፈልጌ ነው። እሳቸው ግን አምነውኝ ይጨምራሉ። አንድ ዓመት እንኳ እውነቱን ሳልነግራቸው አረፉ።

ዘንድሮ ብቻዬን ሠራሁት። በረዶው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ እንፋሎቱ መስኮቱን አልብሶታል። ቀመስኩና ከኋላዬ የቆሙ መስሎኝ ማንኪያውን እንደያዝኩ ዞርኩ። ጣፍጧል ልላቸው ነበር።