በሩን ጥሎ የሮጠው ውሻ

የእንጨት መጋዘኑ ዘበኛ ሴት ናት፤ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ፉጨት» ይላታል። ከንፈሯ ሥራ ፈቶ አያውቅም፤ ወይ ታወራለች፣ ወይ ታፏጫለች። አብሯት በር የሚጠብቀው ውሻ ግን ጩኸቱን ቆጣቢ ነው። «ዝሜ» ብላ የሰየመችው እሷው ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሮውን ስትዞር የጣውላ ክምር ተንዶ ተጫናት። ብትጮኽስ፣ መጋዙ እየጮኸ ማን ይስማት! ዝሜ በር ጠብቅ ተብሎ የሠለጠነ ነው፤ ካልተጠራ ንቅንቅ አይልም። ያን ቀን ግን በሩን ወለል ብሎ እንደተከፈተ ጥሎ መጋዝ ቤቱ ገባ። ያ ዝምተኛ ግቢውን በጩኸት አናጋው፤ የመጋዝ ሠራተኛውን ሱሪ በጥርሱ ይዞ እየጎተተ ክምሩ ዘንድ አደረሰው። እሷን ከሥሩ ያወጧት ነፍሷ አፍንጫዋ ላይ ደርሳ ነው።

ወገቧ ሻል ሲላት መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ውሻው ነበር።

«የመጋዘኑ ባለቤት ወደ ውሻ ማሠልጠኛው መልሶታል፤ በሩን ጥሎ ሄደ ብሎ» አሏት።

ደሟ ፈላ። በማግሥቱ ሴት ልጇን አስከትላ፣ ምርኩዟን ይዛ ማሠልጠኛው ደረሰች።

ግቢው ገና መታጠቡ ነው፤ ሲሚንቶው አልደረቀም። አሠልጣኙ፣ የልጇ እኩያ የሚሆን ሰው፣ ክንዱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ የተንጠለጠለበትን ውሻ «ልቀቅ!» ይላል። እንግዶቹን ሲያይ ውሻውን አስሮ መጣ።

«እንደምን ዋሉ እናቴ? ውሻ ፈልገው ነው?»

«አንተን ላመሰግን ነው የመጣሁ። ዝሜን ያሠለጠንከው አንተ አይደለህ? ይኸው ቆሜ የምሄደው በሱ ነው።»

አሠልጣኙ አቀረቀረ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ ያስተማርኩት በሩን እንዳይለቅ ነው። የሱን ሥራ ለኔ አይስጡኝ።»

«እኔ በር ላይ ያመጣህልኝ አንተ ነህ። ምስጋናው ለሁለታችሁም ይበቃል። አሁንስ ምን ልታደርጉት ነው?»

«በር የለቀቀ ውሻ ለጥበቃ አይሰጥም። የሚወስደው ቤት ካልተገኘ…» ቃሉን አልጨረሰውም።

«ቤትማ አለው!»

«እማዬ፣ አባዬ እኮ ውሻ አይወድም» አለች ልጅቷ።

«ሚስት ይወዳል አይደል? እንግዲያው ሚስቱን ያተረፈለትን ያስገባል!»

አሠልጣኙ እየሳቀ የሽቦውን በር ከፈተው። ዝሜ ቀስ ብሎ መጥቶ ራሱን ብብቷ ሥር ወሸቀ። ወገቧን ረስታ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ። አንተ የበላኸው የኔን ምሳ ዕቃ ነዋ!»

ቤት ሲደርሱ ባሏ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር።

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

ሰውየው ትንሽ አመነታ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጁን፣ እንደ ፈራ ሰው፣ የውሻው ራስ ላይ አሳረፈ።

«ቤቴ እንዳይዘጋ አደረግህ» አለው። «እግዜር ይስጥህ።»