የአሞራው ቅልጥም

ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ካለችው ስፌት ቤቴ ጎን የጋሽ ይማም ሉካንዳ አለ። ግድግዳችን አንድ ነው። የእሳቸው መጥረቢያ ጉቶው ላይ «ቷ!» ባለ ቁጥር የኔ መርፌዎች ከሣጥናቸው ይዘላሉ። ልጆቼ ያደጉት እዚያ ድምፅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ስለ ጋሽ ይማም የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ለካ ትልቁን ነገር አላውቅም፤ ያውም ክንፍ ያለውን!

የሰማሁት በሑዳዴ ነው። በሑዳዴ የክርስቲያኑ ሉካንዳ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ውስጥ አጥንት ብርቅ ይሆናል፤ የጋሽ ይማም ግን ክፍት ነው። አንድ ቀን ጎረቤታችን ሀያት ለሾርባ የሚሆን አጥንት ልትገዛ መጣች።

«ጋሽ ይማም፣ ያንን ጥግ ያስቀመጡትን ቅልጥም ይስጡኝ።»

«እሱ የሰው ነው።»

«የማን?»

«የጉናው ሰውዬ።»

«ባለፈውም የጉናው ሰውዬ ብለውኛል! ይኼ ሰውዬ ከቅልጥም ሌላ አይበላም? ጥርሱ ብረት ነው እንዴ?»

«ጥርስስ የለውም» አሉ ጋሽ ይማም፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። «ጢም ግን አለው።»

ጥርስ የሌለው፣ ጢም ያለው፣ ቅልጥም የሚበላ ሰውዬ! የያዝኩትን ሱሪ መኪናው ላይ ትቼ ወጣሁ። ማን እንደሆነ ካልነገሩኝ እንቅልፍ አይወስደኝም አልኳቸው። «እሑድ ጠንካራ ጫማ አድርገሽ ነዪ» አሉኝ።

እሑድ እስከ ገሳይ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር ወደ ጉና ወጣን። ጋሽ ይማም የአጥንቱን ጆንያ ተሸክመው ከፊት፣ እኔ ባዶ እጄን እያለከለክሁ ከኋላ። መንገድ ላይ ነገሩ እንዴት እንደጀመረ አጫወቱኝ። ከዓመታት በፊት በሬ ሊገዙ እዚህ መጥተው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲያርፉ፣ አጠገባቸው ከሰማይ አጥንት ወደቀ።

«መጀመሪያ የሰው ተንኮል መሰለኝ። ቀና ብል ማንም የለም። ከዚያ ጥላ አየሁ። ጥላው እኔን ሸፍኖ አለፈ፣ ልገዛው ያየሁትን በሬ ሸፍኖ አለፈ። አሞራ ነው! ወርዶ ስብርባሪውን እንደ ቆሎ ዋጠው። ዓይናለም፣ እኔ ላቤ ጠብ እስኪል የምደበድበውን ቅልጥም፣ እሱ ተራራውን ጉቶ አድርጎ!»

በሬውን ሳይገዙ ቤታቸው ገቡ። ሚስታቸው ወይዘሮ ሀዋ «በሬው የታል?» ቢሏቸው «አሞራ አየሁ» አሉ። «ታዲያ አሞራው በላው?» አሏቸው ይባላል።

ያን እሑድ እኔም አየሁት። ከገደሉ ፊት ለፊት ሰፊ ጥቁር አለት አለ፤ ላዩ ላይ የአጥንት ፍርፋሪ በረዶ መስሎ ተበትኗል። ጋሽ ይማም አጥንቱን አለቱ ጫፍ ላይ አስቀመጡና ረጅሙ የጓሳ ሣር ውስጥ ተደበቅን። ሲመጣ ድምፅ የለውም። ደረቱ የዝገት ቀለም፣ ከመንቁሩ ሥር ጥቁር ጢም፣ ዓይኑ ዙሪያ ቀይ። ቅልጥሙን በእግሩ ይዞ ተነሣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ነጥብ አከለ፣ ለቀቀው። «ቷ!» እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ያ የጎረቤቴ የሉካንዳ ድምፅ ከሰማይ መጣ! አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

በማግሥቱ ጋሽ ይማም ያሉበት ማኅበር አባል ሆንኩ። የጉናን አራዊትና ጥንታዊ ቦታዎች የሚጠብቅ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነው፤ ደመወዝ የሚባል የለም። ሊቀመንበሯ ጡረታ የወጡት መምህርት ወይዘሮ አሰፋሽ ናቸው። ከኩዌት የተመለሰችው ሰልማ ጎብኚ ትመራለች። የድሮ አጥር እንጠግናለን፣ ችግኝ እንተክላለን፣ እኔ የአስጎብኚዎቹን ሰደርያ እሰፋለሁ። ጋሽ ይማም ሊመዘገቡ የመጡ ቀን «አራጅ የአራዊት ጠባቂ ሆነ!» ተብሎ ተስቆ ነበር አሉ። እሳቸው ግን «የምትጠብቁት ደግሞ ምን ይብላ?» ብለው ቁጭ አሉ።

ዘንድሮ ክፉ ወሬ መጣ። ገደሉ ለድንጋይ ካባ ተፈለገ። በድማሚት ተፈንቅሎ ለመንገድ ሊጠረብ ነው፤ ለአካባቢው ወጣቶችም ሥራ ይሆናል። አሞራዎቹ ጎጆ የሠሩት እዚያው ገደል ላይ ነው፤ ጫጩታቸው ገና አልበረረም። ቦታውን የሚሰጡት ወይም የሚከለክሉት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ጋሽ ይማም ሥራ ጠፋባቸው። ጉበት ለጠየቀ ጨጓራ ይመዝናሉ። መጥረቢያው ዝም ሲል መርፌዎቼም ዝም አሉ፣ ያስጨንቅ ነበር።

«ሽማግሌዎቹ መጥተው በዓይናቸው ይዩት» አሉ በመጨረሻ። «አይተው ድማሚት የሚፈቅዱ ከሆነ፣ እኔ ምንም አልልም።»

ተጠሩ፣ እሺም አሉ። ቀኑ ሲደርስ ግን ረመዳንና ሑዳዴ ገጥመዋል። ሽማግሌዎቹ ይጾማሉ፣ እኛም እንጾማለን፣ ጋሽ ይማምና ሰልማ ውኃም አይቀምሱ።

«እንግዳ ጠርተን ባዶ እጃችንን ልንቀበል ነው?» ወይዘሮ አሰፋሽ ተጨነቁ። «አፍ የሚነካ ባይኖር እንኳ እግራቸው የሚረግጠው ነገር ያማረ ይሁን!»

እኛም ጉዝጓዝ አመጣን። ያልመጣ ቄጠማ፣ ያልታጨደ ጓሳ የለም። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበትን ጎዘጎዝን፤ ግማሽ ጎዝጉዞ መተው ንፍገት ሆነብንና አለቱንም ጎዘጎዝን። እኔማ በስፌት ዓይኔ ጠርዙን ሳይቀር አስተካከልኩት። የሠርግ አዳራሽ መሰለ። ጋሽ ይማም እንኳ «አበጃችሁ!» ብለው ቅልጥሙን በክብር መሃሉ ላይ አኖሩት።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ትልቁ አያ ፋንታው ናቸው፤ ዘንጋቸውን ተደግፈው ጉዝጓዙን አዩና «ሙሽራው አሞራው ነው?» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ተደበቅን፣ ጠበቅን። አሞራው መጣ! ቅልጥሙን ይዞ ወጣ፣ ወጣ፣ ለቀቀው።

«ድፍ» አለ።

እንደገና አነሣው። እንደገና «ድፍ»። ሦስተኛ ሞከረና አጥንቱን እዚያው ትቶ በተራራው ጀርባ ተሰወረ። ከገደሉ የጫጩቱ ጩኸት ይሰማል።

«አጥንት ሰባሪ ያላችሁን ይኼ ነው?» አሉ አያ ፋንታው። «ድመቴ ትሻላለች! ልጆቻችን ለዚህ ብለው ሥራ ይጡ?»

«አያ ፋንታው፣ ትንሽ ቢታገሡ...» አሉ ጋሽ ይማም። ከንፈራቸው በጾም ደርቋል።

«ምኑን ልታገሠው? ያን የመሰለ ፍራሽ አንጥፋችሁለት ይተኛበት እንጂ እንዴት ብሎ ይሰብርበታል?»

ጋሽ ይማም ወደኔ ዞሩ፣ እኔም ወደ እሳቸው። ፍራሽ! ቅልጥም ፍራሽ ላይ ማን ይሰብራል! በገዛ እጃችን ጉቶውን አልብሰነዋል!

ጋሽ ይማም ብድግ ብለው ወደ አለቱ ሲያመሩ ወይዘሮ አሰፋሽ እጃቸውን ያዟቸው። «ጋሽ ይማም! እንግዳ ሳይነሣ ጉዝጓዝ ይነሣል እንዴ? ሂዱልን ማለት እኮ ነው!»

እውነት ነው። ስድብ ነው። ጋሽ ይማም ቆሙ። ገደሉን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ። ከዚያ አያ ፋንታው ፊት ዝቅ አሉ።

«አያ፣ ያነጠፍነው ለእናንተ ክብር ነው። ስህተቱ የእኛ ነው፤ እሱ የሚሰብረው ባዶ አለት ላይ ነው። እርስዎ ካልፈቀዱልኝ አልነካውም። ቢፈቅዱልኝ ግን...»

አያ ፋንታው ወደ እሳቸው ጎንበስ አሉ። «አንተ ይማም፣ አፍህ ደርቆ ይህን ሁሉ አቀበት የወጣኸው ለዚች ነገር ነው?»

«አዎ፣ አያ።»

ሽማግሌው ተነሡ። እኛ ሊሄዱ መሰለን። እሳቸው ግን ወደ አለቱ ወርደው በዘንጋቸው ቄጠማውን ጠረግ አደረጉት። «ምን ታዩኛላችሁ? እንግዳው ተነሥቷል፤ አንሡት!» ያን ጊዜ ሽማግሌ የለ፣ አባል የለ፣ ሁላችንም በአራት እግራችን ጓሳ እንሰበስብ ጀመር። አለቱ እንደ ጥንቱ ጥቁር ሆነ።

ጠበቅን። ፀሐዩ አናት ላይ ደረሰ። ጋሽ ይማም ዓይናቸውን ከሰማዩ አልነቀሉም። እኔም በሆዴ፣ ቅልጥሟን ካላነሣህ አልምርህም እለው ነበር።

ጥላው ሽማግሌዎቹን ሸፍኖ አለፈ። ቅልጥሙን አነሣ፣ ወጣ፣ ነጥብ አከለ።

«ቷ!»

አስተጋባ። ገደሉ መለሰው፣ ሌላው ገደል ተቀበለው። አሞራው ስብርባሪውን ይዞ ጎጆው ላይ ሲያርፍ፣ ሰልማ የሩቅ ማሳያ መነጽሯን ለአያ ፋንታው ሰጠቻቸው። ሽማግሌው አይተው አይተው መነጽሩን አወረዱ፤ ቆባቸውንም አወለቁ።

«ከዚህ ገደል ሥር ተወልጄ፣ ከዚህ ገደል ሥር ሸበትኩ» አሉ ቀስ ብለው። «አጥንቱን ጅብ የተወው እያልኩ ስንት ዘመን ረገጥኩት!»

ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ተነጋገሩ። ሲመለሱ አያ ፋንታው «ድንጋይ ከወንዙ ማዶም ሞልቷል፤ ይኼ አይነካም» አሉ። ጋሽ ይማም ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው፣ ባዶውን ጆንያ ያጣጥፉና ይፈቱ ጀመር።

ጫጩቱ ከፋሲካ በኋላ በረረ። በበረረ ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ አያ ፋንታው አህያ እየነዱ ሉካንዳው በር ላይ ቆሙ። ሀያት እንደ ልማዷ ስለ ቅልጥም እየተከራከረች ነበር።

«ይማም! ያቺን ጆንያ ጫንልኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ አቀበቱን የምትወጣው የኔ አህያ ናት።»

«ጭራሽ ሌላ ሰው መጣበት!» ሀያት ጮኸች። «አባቴ፣ እርስዎ ደግሞ የማን ነዎት?»

አያ ፋንታው ዘንጋቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

«የጉናው ሰውዬ ልኮኝ ነው።»