ሽማግሌዎቹን የመለሰው ኩሽኔታ

የልጅ ልጆቼ «እምዬ፣ አባታችን እማዬን ሊያጣት ነበር ይባላል፤ እስቲ ንገሪን» ብለው ያዙኝ። አባታቸውን ሲጠይቁት «መኪና ተበላሽቶ ነው» ይላቸዋል፤ እናታቸውን ሲጠይቋት ትስቃለች። ወደ እኔ የመጡት ለዚህ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ስናገር ትልቋ ትጽፋለች። ከመንገዴ ስወጣም «እምዬ፣ ወደ መኪናው ተመለሺ» ትለኛለች። እንግዲህ ወደ መኪናው።

መኪናዋ ትንሽ ነጭ የቤት መኪና ነበረች። የመጨረሻው ልጄ፣ የእነዚህ አባት ማለቴ ነው፣ በእሷ ሰው እያመላለሰ ይኖር ነበር። ከደብረ ማርቆስ ደጀን፣ ከደጀን ደብረ ማርቆስ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ደብረ ኤልያስ። በደብረ ኤልያሱ መንገድ አንዲት አስተማሪ አሳፈረ፤ ማርቆስ አስተምራ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ወላጆቿ የምትሄድ። አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷኑ አሳፈረ። ስለ መንገዱ ብልሽት ብቻ እናወራ ነበር ይላል። መንገዱ ያን ያህል ረጅም አይደለም፤ ምን ያህል እንደሚወራበት እንጃ።

በዚያ ሰሞን ጎረምሳው ሁሉ መኪናውን ዝቅ ማድረግ ይዞ ነበር። ሞላ የሚሉት ወፍራም የተጠመዘዘ ብረት አለ፤ ከጎማው በላይ ተቀምጦ መኪናውን የሚሸከም። እሱን በመጋዝ ያስቆርጡና ያሳጥሩታል፣ መኪናውም መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ልጄም አስቆረጠ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደጃችን ላይ ቆማ አየኋትና አራቱም ጎማ የተነፈሰ መሰለኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ነካት?»

«እማዬ፣ አታምርም?»

«ለማን?» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ከዚያች መኪና የሚወርድ ሰው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ አስቀድሞ እጅ ይወጣል፣ ቀጥሎ ራስ፣ ሌላው እንደ ዕድሜው ነው።

ብዙም ሳትቆይ ድምፅ አመጣች። ቀጥ ብላ ስትሄድ ዝም ትላለች። መሪው ሲጠመዘዝ፣ ይልቁንም ቀስ ብላ ስትዞር፣ ከፊት በኩል «ጓ!» ትላለች። ልጄ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። ይህ መፍትሔ ሁለት ወር ያህል ሠራ።

ከዚያ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን መጣ። ለልጅቷ አባት «እሑድ እንመጣለን» የሚል መልእክት ተላከ። ልጅቷ አፍራ ያን እሑድ ማርቆስ ቀረች፤ ወጉም እንደዚያው ነው፣ ስትጠየቅ እቤት አትገኝም። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። መሪያቸው የሰፈራችን የኔታ ናቸው፤ ግማሹን ማርቆስ ዳዊት ያስደገሙ፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ በአለንጋ የሚያውቁ። ነጭ በነጭ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። መቀመጥ እንኳ አይባልም፣ ወረዱ። ገና ከመግባታቸው «ሽማግሌ ተጭኖ ዘፈን አይሄድም፤ ዝጋው» አሉ፤ ሬዲዮው ተዘጋ።

ከሄዱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሰው ደጃችን ላይ ቆሙ። ልጄ ፊቱ አመድ መስሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግቢያችን ሲወጡ አንድ ጊዜ «ጓ!»፤ አስፋልቱን ሲይዙ ሁለተኛ፤ አደባባዩን ሲዞሩ ሦስተኛ። ሦስተኛው ላይ የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«አቁም ልጄ። ሦስት ጊዜ ተናገረ።»

«መኪናው እኮ ነው የኔታ።»

«መኪናው መሆኑን መች አጣሁት? ማን እንዳናገረው ነው እንጂ።»

«ብረት ነው የኔታ፣ የላላ ነገር አለው።»

«የበለዓም አህያም አህያ ነበረች» አሉ የኔታ።

በሰው አፍ ተናግራ ጌታዋን ከመንገድ ያስቆመችውን አህያ የማያውቅ ጎጃሜ የለም። ክፉ ገድ አይተው የሄዱበት ጋብቻ አያምርም ብለው ተመለሱ። ሌሎቹ ሁለቱም ከኋላ «እውነት ነው» አሉ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ መጥቶ ስለነበር መመለሱን ሳይወዱት አልቀሩም።

ሰኞ ምንም አልተሰማም። ማክሰኞ ማታ ልጅቷ ደወለች፣ ታለቅሳለች። አባቷ «ቀኑን ሙሉ ደጅ ደጁን ሳይ ዋልኩ፤ ቀለዱብኝ። በሚመጣው እሑድ ካልመጡ አይምጡ። የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አለ» ብሏል። የሚጠይቀው ሰው እንዳለ እውነት ነበር፤ የወፍጮ ባለቤት ልጅ ነው አሉ።

የኔታ ዘንድ ሄድኩ። «እሄዳለሁ» አሉኝ፣ «ያ ነገር ድምፁን ከተወ።»

ልጄን «የሰው መኪና ለምን አትለምንም?» አልኩት።

«እማዬ፣ ሰውዬው እንጀራዬ መኪና መሆኑን ያውቃል። በሰው መኪና ሽማግሌ ብልክ የራሱስ የት ገባ አይለኝም?»

ይህም እውነት ነው። እንግዲህ አምስት ቀን ቀረን፤ ወይ መኪናዋ ዝም ትላለች ወይ ልጅቷ ለወፍጮ ቤት ትሄዳለች።

መኪናዋ ጋራዥ የገባችው ሰኞውኑ ነበር። መካኒኩ ሆዱ የወፈረ፣ አፉ የማይዘጋ ሰው ነው። ድሮ ቆሎ ተማሪ ነበር፤ ያውም የእኚሁ የየኔታ ተማሪ። በክሪክ አነሣት፣ ጎማውን ነቀነቀ፣ ከሥሯ በጀርባው ገባ፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ከጎማው ጀርባ ያለችውን አጭር ዘንግ ቀየረ። መኪናዋ «ጓ!» አለች። ሌላ ላስቲክ መሳይ ነገር ቀየረ። አሁንም «ጓ!»።

ረቡዕ ዕለት እኔም አብሬ ሄድኩ። ቤት መቀመጥ አልችልበትም፤ እንዝርቴንና ጥጤን ይዤ ሰው ካለበት እቀመጣለሁ። ከገዳም እስከ ቀበሌ ያልፈተልኩበት ቦታ የለም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ጥርስ የሚነቀልበት… እሺ፣ ወደ መኪናው።

«በየት በኩል ነው የሚጮኸው?» አለ መካኒኩ።

«እኔ እንጃ፣ ከፊት ነው። የኔታ ግን በቀኝ ነው ብለዋል» አለ ልጄ።

መካኒኩ ቆብ ቢኖረው ያወልቅ ነበር። «የኔታ ቀኝ ካሉ ቀኝ ነው» አለ።

ቀኙን ፈታው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ፈታ፣ ሐሙስ ጧት መልሶ ገጠመ። በቀኝ በኩል ምንም የለም፤ ደህና ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው እኔ ትዝ ያለኝ፤ የየኔታ ግራ ጆሮ ከሞተ ቆይቷል። ዓለም ሁሉ ለእሳቸው በቀኝ ነው የሚጮኸው።

ይህን ስናገር መካኒኩ መፍቻውን አስቀመጠ። «እናታለም፣ ይህን ትናንት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«አልጠየቅከኝማ» አልኩት።

ተስፋ ቆረጠ። «አንተ ሙሽራ፣ ስማኝ። የመሪው ሳጥን ነው። መውረድ አለበት። ዕቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣ፤ ሁለት ሳምንት።»

ልጄ መሬት ላይ ቁጭ አለ። በዚያች መኪና ቁመት መሬት ላይ መቀመጥና መኪና ውስጥ መቀመጥ እኩል ነው።

እኔ በግራው ጎማ አጠገብ በርጩማ ላይ ሆኜ እፈትላለሁ። መካኒኩ ለመጨረሻ ጊዜ ገብቶ መሪውን ወዲህና ወዲያ ያዞራል። መኪናዋ ቆማለች። በጎማውና በአካሏ መሃል ሞላው ይታየኛል። ጎማው ዞረ፤ ሞላው አልዞረም። ጎማው ጨመረ፤ ሞላው ቀስ ብሎ እንደ መጠምዘዝ አለ፣ ከዚያ «ጓ!» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ፈትል የፈተለ ሰው ይህን ያውቀዋል። እንዝርቱን አብዝተሽ ካሾርሽው ክሩ ይከራል። ጫፉ እስከ ተያዘ ድረስ ዝም ይላል። ያፈተለከ ዕለት ወደ ኋላ ይሾራል፤ እንዝርቱንም አብሮ ያዘልለዋል።

«ይሄ ነገር ከርሯል» አልኩ።

«ምኑ?»

«ይኸ የተጠመዘዘው። ከላይ አንድ ነገር ይዞታል፤ ከታች ትጠመዝዘዋለህ። ይከራል፣ ከዚያ ያመልጣል።»

መካኒኩ ሳቀ። «እናታለም፣ ብረት ነው እኮ፤ ጥጥ አይደለም!»

«አውቃለሁ። ጥጥ አይጮህም።»

እጄን ሰድጄ ሞላውን ያዝኩት። «እስቲ አዙረው።» አዞረው። በመዳፌ ውስጥ ብረቱ ሲወጠር ተሰማኝ፣ ከዚያ እንደ በቅሎ ረገጠኝ። መካኒኩ ጩኸቴን ሰምቶ ዘሎ ወረደ።

«እጅዎን ያንሡ! ጣትዎን ሊበላ!»

«በልቷል» አልኩት። ጥቂት ላጥ አድርጎኝ ነበር።

ከዚያ እኔን አስነሥቶ በበርጩማዬ ተቀመጠ። ልጄን መሪ አስያዘና ሞላውን በጥንቃቄ በመዳፉ ነካ። «ጓ!» አለ። እንደገና። ኮፈኑን ከፈተ፤ ሞላው የተጠመጠመበት ዘንግ፣ ሾክ አብዞርበር የሚሉት፣ ከላይ ከአካሏ ጋር የሚታሰርበት ላይ ሁለት ጣቱን አሳረፈ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አስዞረ። የዚህን ሰው አፍ ተዘግቶ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ከላይ ነው» አለ በመጨረሻ። «አራት ቀን ከታች ስፈልግ ከላይ ነው። ብረት ድምፅ ያስተላልፋል፤ እኔንም አታለለኝ።»

ግራውን ፈታው። ሞላ ሲወጣ በመጭመቂያ ታስሮ ነው ይላሉ፤ አለዚያ ዘሎ ሰው ይገድላል። የእኛ ግን ከማጠሩ የተነሣ እንዲሁ በእጅ ወጣ። መካኒኩ አንጠልጥሎ ለልጄ አሳየው።

«አየህ? ቦታውን አይሞላም። መኪናዋ ጉድጓድ ዘላ ስትነሣ ይሄ ይለቃል፤ ስታርፍ መልሶ ይመታል። ከላይ ያለውን ኩሽኔታ ቀጥቅጦ ቀጥቅጦ ነው የገደለው።»

ኩሽኔታው በእጄ ላይ ተቀመጠ። ቀለበት ነው፤ በውስጡ እንደ አተር ያሉ የብረት ኳሶች አሉት። መሪ ሲዞር ሞላው ከጎማው ጋር እንዲዞር የሚያደርገው ይህ ነው። የእኛው ግራሶው አልቋል፣ ጭቃ ገብቶበታል፤ ስጨብጠው የደቀቀ በርበሬ የመሰለ ዝገት ረገፈ። ለማዞር ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለም። በዚህ ነው እንግዲህ የበለዓም አህያ የተባለው።

ዕቃው ማርቆስ ጠፋ። መካኒኩ ሲደዋውል ደጀን ላይ እንዲሁ ዓይነት መኪና ተጋጭታ የቆመች አገኘ። «ኩሽኔታ አለ» አለ፣ «ግን ሞላውንም አብሬ ነው የማስመጣው። ያልተቆረጠ። አለዚያ በሁለት ወሩ ተመልሰህ እዚሁ ነህ።»

«ያልተቆረጠ ከሆነ ከፍ ትላለች» አለ ልጄ።

«ትላለች።»

«ወደ ድሮዋ?»

«ወደ ድሮዋ። ወይ ዝቅታውን ያዝ ወይ ሙሽራዋን።»

ልጄ ጥቂት አሰበ። ማሰቡን ለሚስቱ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም ነበር። ከዚያ «ይምጣ» አለ፤ ሰው ቀብሮ እንደተመለሰ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዕቃው በአውቶቡስ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ መጣ። መካኒኩ ሁለቱንም ጎን ሞላ ቀየረ፣ ኩሽኔታውን በግራሶ ለውሶ አስገባ፣ ብሎኑን አጠበቀ። መሪውን ሲያዞሩ እኔ እጄን ሞላው ላይ አላደረግሁም፤ አንድ ጊዜ ይበቃል። ጆሮዬን አቀናሁ። ምንም።

እሑድ የኔታ ወደ ላይ ወጥተው ገቡ። ከግቢያችን ሲወጡ ዝም፣ አስፋልቱ ላይ ዝም፣ አደባባዩ ላይ ዝም። ልጄ እንደነገረኝ አደባባዩን ካለፉ በኋላ የኔታ ተጠራጠሩ።

«ለምን ዝም አለ?»

«ተሠርቶ ነው የኔታ።»

«እንግዲህ ዝምታም መልስ ነው» ብለው ዳዊታቸውን ገለጡ።

የልጅቷ አባት ገና ከደጅ ቆጣ ብሎ ጠበቃቸው። በግ አስሬ፣ ጠላ አስጠምቄ፣ ጎረቤት ሰብስቤ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ በእግሬ ቆሜ ዋልኩ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም አለ። የኔታ በሕይወታቸው ተማሪ ፊት ቀርቶ ጳጳስ ፊት የማያጎነብሱ ሰው ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ሌሎቹም ድንጋይ ተሸከሙ። ይህን ያህል ሽማግሌ ከተዋረደለት በኋላ እምቢ ማለት ነውር ሆነበትና በሦስተኛው እሑድ እሺ አለ። ልጄ አገባ። የወፍጮው ልጅም ሌላ አገባ፤ ደህና ነው።

ሦስተኛው የልጅ ልጄ የተወለደ ጊዜ የልጅቷ እናት አራስ ልትጠይቅ መጣች። ባሏ በዚያ ዓመት ዐርፏል። ሁለታችን ቁጭ ብለን ምስር ስንለቅም የዚያን የመጀመሪያውን እሑድ ነገር አነሣሁና «እንዲያ ቆሞ ሲጠብቅ አሳፈርናችሁ» አልኳት።

ምስሩን መልቀም አላቆመችም። «ማን ቆሞ?» አለችኝ። «ቀኑን ረስቶ ቅዳሜውን ሮብ ገበያ የሚባል ቦታ በቅሎ ሊያይ ሄዶ ማክሰኞ ነው የተመለሰው። እኔም ሽማግሌ ሲመጣ የምለው ቢጠፋኝ ጎረቤት ተደበቅሁ፤ አለመምጣታቸውንም ከዚያው ሆኜ አይቼ ነገርኩት። ያን እሑድ እኛ ደጅ የነበረው በሩ ላይ የተንጠለጠለ ጋን ቁልፍ ብቻ ነው።»