ሲሊንደሩን ብቻዬን ሳስገባ

ባለቤቴ ወገቡን የተጎዳው የጋዝ ሲሊንደር ከባጃጅ ሲያወርድ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ክብደት ብሎ ነገር አያውቅም። እንደ ልማዱ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ዞር ሲል፣ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲሊንደሩን ግን አልጣለውም፤ እንዳቀፈው ነበር።

በማግስቱ እግሮቹ ደነዘዙ። አሶሳ ያየው ሐኪም አዲስ አበባ ሄዶ መታየት እንዳለበት ጽፎ ሰጠን። በዚያን ሰሞን ግን የወለጋው መንገድ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ ነበር፤ አውሮፕላኑን ደግሞ የእኔ የአስተማሪ ደመወዝ አይደፍረውም። መንገዱ እስኪከፈት ጠበቅን። ሲከፈትና ስንደርስ ሐኪሙ፣ ቶሎ ብትመጡ ኖሮ፣ ብሎ ጀመረና ቀሪውን ሳይናገር ወረቀቱን አጠፈው። ባለቤቴ ግድግዳ ይዞ ጥቂት እርምጃ ከመሄድ በላይ እንደማይችል ያን ቀን ገባን።

ቤታችን ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነው። ክረምት ላይ ባጃጆቹ ጭቃውን ስለሚፈሩ ዕቃዬን ጥጉ ላይ አራግፈውልኝ ይመለሳሉ። ሙሉ ሲሊንደር ግማሽ ኩንታል እህል ያህላል። መጀመሪያ ጊዜ አቅፌ ላነሳው ሞከርኩ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ከነሲሊንደሩ ወደቅሁ።

ያዩኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ በወጣትነታቸው የመጋዘን ጫኝና አውራጅ የነበሩ የበርታ ሽማግሌ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም በአንተ ነው የሚያናግሩት።

«ሰው አይደለም፣ አትቀፈው» አሉኝ።

ከዚያ አሳዩኝ። በመጀመሪያ መክፈቻው ጥብቅ ብሎ መዘጋቱን፣ ክዳኑም መታሰሩን ማየት። ነጠላ ጫማ አውልቆ ሽፍን ጫማ ማድረግ። ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ቆሞ፣ የላይኛውን እጀታ ይዞ፣ ወደ ራስ ትንሽ ማዘንበልና በታችኛው ጠርዙ እያሽከረከሩ መሄድ። ጭቃ ሲሆን ጣውላ ማንጠፍ። ማስተኛት የለም፣ በእግር መግፋት የለም። ደፍ ላይ ሲደርስ ጠርዙን አስደግፎ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ወገብን ቀጥ አድርጎ ወደ ራስ መሳብ።

«ከወደቀ ልቀቀው» አሉ በመጨረሻ። «ብረት ሌላ ይመጣል። እግር አይመጣም።»

ቻልኩት። ባለቤቴ ግን የብረቱን ድምፅ አልቻለውም። ሲሊንደሩ በግቢው ድንጋይ ላይ ሲንኳኳ አልጋው ላይ ሆኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንድ ቀን፣ ምሳ እያቀረብኩለት ሳለ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «እኔ ሳልሰማ አስገቢው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እስኪወስደው እየጠበቅሁ ማስገባት ጀመርኩ።

በአንድ የሐምሌ ጠዋት አዲሱን ሲሊንደር በረንዳ ላይ አቁሜ ለስብሰባ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስመለስ አስገባዋለሁ ብዬ ነበር። ከቀትር በኋላ የግቢውን በር ስከፍት በረንዳው ባዶ ነው። ጋዝ ሸተተኝ።

ጎረቤት ከሰል አቀጣጥለው ነበርና አጥፉ ብዬ ጮህኩ። በሩን ገፋሁት። ባለቤቴ ራሱን ስቶ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ ሲሊንደሩ ቅልጥሙ ላይ ወድቋል። አንጠልጥሎ ሊያሳልፈው ሲል መክፈቻውን ይዞ ኖሮ፣ ክዳኑ ወልቆ መክፈቻው ላልቶ ጋዙ በቀጭኑ ይወጣል። መብራት አልነካሁም። መክፈቻውን አጥብቄ ዘጋሁ፣ መስኮቶቹን በረገድኩ፣ ሲሊንደሩን ከእግሩ ላይ አነሳሁ። ሽማግሌው ደርሰው በአንሶላ እየጎተትን አወጣነው። ዓይኑን ሲገልጥ ቅልጥሙ ተሰብሮ አጥንቱ በቆዳው ስር ይታይ ነበር። እሱ ግን ስለ እግሩ አልጠየቀም።

«ደፉን አሳልፌው ነበር» አለኝ።

ብዙ ነገር ልለው ነበር። ቤቱን ልታቃጥለው ነበር፣ ልትሞትብኝ ነበር፣ ማን ንካው አለህ። አዎ፣ አሳልፈኸዋል፣ ብዬ አቧራውን ከፊቱ ጠረግሁ። እውነቱም እሱ ነበር።

አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ጠገገ። ግድግዳ ይዞ መሄዱም በዚያው ቀረ። እኔም ተደብቄ ማስገባቱን ተውኩት። ሲሊንደሩን እያሽከረከርኩ እስከ ወንበሩ አመጣለታለሁ፤ እሱ ክዳኑን ፈትቶ የምድጃውን ቱቦ ማሰሪያ ይገጥማል፣ የሳሙና አረፋ ቀብቶ እንዳያፈስ ያያል። አረፋው ሳያብጥ ሲቀር፣ ጨርሻለሁ ይላል፤ እንደ ድሮው፣ የመኪናውን ጎማ ቀይሮ ሲነሳ እንደሚለው። ለጥቂት ደቂቃ የቤቱ አባወራ ይሆናል።

ዘንድሮ ድንዛዜው ወደ እጆቹ ጣቶች ወጣ። ባለፈው ወር ማሰሪያውን ሦስት ጊዜ ሞክሮ አልዞር አለው። ይህ ሐኪሙ አስቀድሞ ያስጠነቀቀን ነገር መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

«ዛሬ እጄን በርዶኛል» አለኝ።

ዶፍ ዝናብ ስለነበር ብርዱን ሰበብ ማድረግ ይቻል ነበር። ወደ መስኮቱ ዞሮ ውጭውን ሲያይ፣ ጎንበስ ብዬ ማሰሪያውን በፍጥነት አጠበቅሁለት። ሲዞር ሳሙናውን አቀበልኩት።