በወረቀት ላይ እጅ የነበረው አባቴ

እስከ ዛሬ ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ደብዳቤ እንኳ። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ሱቅ ገብቼ ባለሱቁ «ምን ልስጥሽ?» ሲለኝ ድምፄ ስለሚጠፋ ዕቃውን በጣቴ ነው የማሳየው። ይህን ነገር ግን ሰው ባወራው ቁጥር ሌላ ይሆንብኛል። መሥሪያ ቤት ገብታ ጠረጴዛ ደበደበች የሚል አለ፤ አልደበደብኩም። እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች የሚልም አለ፤ እሱም ውሸት ነው። ስለዚህ እንደሆነው ራሴ ልጻፈው ብዬ ነው።

አባቴ ሁለቱም እጆቹ ከክርኑ በታች የሉም። በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ ፈንጂ አምካኝ ነበር። እጆቹን ያጣው ከጅጅጋ ወደ ሐርተሼክ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን አብዛኞቹ ጓደኞቹ ወደየአገራቸው ሄዱ፤ እሱ እዚሁ ጅጅጋ ቀረ። «እናቴ ስትሸኘኝ ሁለት እጅ ነበረኝ፤ እንዲህ ሆኜ አልመለስባትም» ይል ነበር። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ስትሸጥ ስለምትውል፣ አባቴን የማጎርሰው፣ ፊቱን የማጥበውና ቁልፉን የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። ወንድ የሚያስፈልግበትን ደግሞ እንደሱ እዚሁ የቀረ የጦር ጓደኛው እየመጣ ይረዳዋል። እሱ አንድ እግር የለውም፤ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። ትምህርቴን ያቆምኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ማንም አላስገደደኝም።

ከዓመታት በኋላ መንግሥት ለጦር ጉዳተኞች ዕርዳታ ጀመረ። በየወሩ ስንዴና ዘይት፣ ብርድ ሲሆን ብርድ ልብስ ይሰጣል። ዕርዳታው የሚታደለው ከከተማው ዳር ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። መፈረም የማይችል በአውራ ጣቱ ቀለም ነክቶ መዝገቡ ላይ ያትማል። አባቴ ጣት ስለሌለው እኔ አትምለታለሁ፤ መጋዘን ጠባቂው ደግሞ ከጎኑ «በልጁ ጣት» ብሎ ይጽፋል። ልጅ ሳለሁ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ በቢላ ስከፍት አውራ ጣቴን ቆርጦኝ ስለነበር ጠባሳው አግድም ቀርቷል። ስጫን በቀለሙ መካከል አንድ ነጭ መስመር ይወጣል። መጋዘን ጠባቂው በዚህ መሳቅ ይወድ ነበር። «መንገድ ያለበት ጣት መጣ! ነይ የኔ ዝምተኛ» ይለኛል። ከረሜላም ይሰጠኛል። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር።

ትልቁ ተስፋችን ስንዴው አልነበረም። አካላቸውን ያጡት ተራ በተራ ሐረር ሄደው ተለክተው ሰው ሠራሽ እጅና እግር ይገጠምላቸዋል ተብሎ ነበር። አባቴ ይህን ከሰማ ጀምሮ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ሲያስብ ነው የሚውለው። «መጀመሪያ አፍንጫዬን አካለሁ» ይላል። «ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያሳክከኝን ቦታ ለሰው ሳስረዳ ኖሬአለሁ፤ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ ኧረ አለፍሽው!» ሁለት ዓመት ጠበቅን። በየወሩ ስንዴውን ከተቀበልን በኋላ አባቴ ይጠይቃል።

«የኔ ተራስ?»

«ደርሷል፤ ቀጣዩ እርስዎ ነዎት» ይለዋል መጋዘን ጠባቂው።

አንድ የዕደላ ቀን የጭነት መኪና መጣና መጋዘን ጠባቂው መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ እንደተከፈተ ትቶ ወጣ። የጅጅጋን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ገጾቹን ወደ ኋላ ይገልጣቸው ጀመር፤ እንዳይቀደዱ ብዬ እጄን ጫንኩባቸው። የአባቴን ስም ባየሁበት ሁሉ ማንበብ ልማዴ ነው፤ አነበብኩት። «የተሰጠው ዕርዳታ፦ ሰው ሠራሽ እጅ፣ አንድ ጥንድ። ተቀባይ፦ በልጁ ጣት።» ከጎኑ የታተመው ጣት ወፍራምና ክብ ነው። መስመር የለበትም። ከላይም ከታችም ባሉት ስሞች ላይ ያው ወፍራም ጣት ታትሟል። ጋሼም ሰው ሠራሽ እግር ወስዷል ይላል።

ቀና ብዬ አባቴን አየሁት። ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ባዶ እጅጌዎቹን ንፋሱ ያውለበልባቸዋል።

ቤት ስንገባ ለሁለቱም ነገርኳቸው።

«እስቲ ድገሚው» አለ አባቴ።

«ሰው ሠራሽ እጅ፣ አንድ ጥንድ፣ ተሰጥቷል።»

ጋሼ በሳቅ ፈነዳ። «እንኳን ደስ ያለህ! በል እስቲ በአዲሶቹ እጆችህ አጨብጭብልን!»

«አንተም እኮ እግር ወስደሃል» አለው አባቴ።

«እኔ ደግሞ አንዱ ጫማዬ ብቻ ለምን ያልቃል ስል ነበር፤ ለካ ሌላው እግሬ መጋዘን ተኝቶልኛል!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ይቅር» አለ አባቴ። «ብንናገር ከመዝገቡ ይፍቁናል። ስንዴውም ይቀራል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ፈንጂ እንደ ድንች ከመሬት ስትነቅል ያልፈራህ አሁን የመጋዘን ቁልፍ የያዘ ሰው ትፈራለህ?»

«ያኔ ልጅ አልነበረኝም» አለ አባቴ።

እኔ ግን አልቻልኩም። እጁን መንፈጋቸው አንድ ነገር ነው፤ ግን «በልጁ ጣት» ብለውበታል። ያ ማለት ሰጠነው፣ ልጁም መስክራለች ማለት ነው። አባቴ የሚያምነው አንድ ጣት ቢኖር የኔ ነው፤ ውሸቱን የጻፉት በዚያው ጣት ስም ነው።

ለእናቴ ወፍጮ ቤት ልሄድ ነው ብዬ ወደ ክልሉ ቅሬታ ሰሚ ቢሮ ሄድኩ። በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ እኔ እቀመጣለሁ። ሲዘጋ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን የቢሮው ኃላፊ ለምሳ ስትወጣ ፊቴ ቆመች። ረጅም ሒጃብ የለበሰች የሶማሌ ሴት ናት። በሶማሊኛ ጠየቀችኝ፤ ዝም ስል በአማርኛ ደገመችው።

«አባዮ፣ ትናንትም እዚሁ ነበርሽ። ማን ነው የበደለሽ?» አባዮ ማለት በእነሱ እህቴ ማለት ነው።

ይዛኝ ገባች። ጠረጴዛዋ ላይ የማኅተም ቀለም አየሁና በጣቴ አሳየኋት።

«ወላሂ፣ ገና ምንም ሳንጽፍ ልትፈርሚ ነው?» ብላ ሳቀች። ግን ቀለሙን ገፋችልኝ። ነጭ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን ተጫንኩ።

«የኔ ጣት ይሄ ነው» አልኳት። «መዝገቡ ላይ ያለው የኔ አይደለም።»

ያንን ካልኩ በኋላ ሌላው እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሁሉንም ነገርኳት። ምሳዋን ትታ ሰማችኝ። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፦ «ስምሽ ሳይነሳ ማጣራት እችላለሁ፤ ግን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ መዝገቡም ሊጠፋ ይችላል። ወይም በዕደላው ቀን መጥቼ በሰው ሁሉ ፊት አሳትምሻለሁ። የቱ ይሻልሻል?»

ቀለም የነካ አውራ ጣቴን አየሁት። «አትማለሁ» አልኩ።

በዕደላው ቀን ከሁለት ሰዎች ጋር መጣችና የመጋዘን ጠባቂው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መዝገቡን ከፍታ የአባቴን ስም ጠራች።

«እኚህ ሰውዬ እጅ ወስደዋል ይላል። የት አለ?»

መጋዘን ጠባቂው ፈገግ እንዳለ ነበር። «ቤት አስቀምጠውት ይሆናል። ሽማግሌ አይደሉ? ይረሳሉ።»

«አዎ፣ እጁን የት እንዳስቀመጠ የማያስታውስ ሰው ነው!» አለ ጋሼ ከኋላ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ማን እንደተናገረ ገና አላወቀም።

ኃላፊዋ እኔን ጠራችኝ። ከአባቴ አጠገብ እስከ ጠረጴዛው ያለው መንገድ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። የሰዉ ዓይን ሁሉ ጀርባዬ ላይ ነበር። ደረስኩና አተምኩ። ነጩ መስመር ወጣ። ወረቀቱን ከመዝገቡ ጎን አድርጋ አየችውና ወደ መጋዘን ጠባቂው ዞረች።

«አሁን አንተ።»

«እጄ ዘይት ነክቷል።»

«ዘይት ይጠረጋል» አለችው።

አተመ። ያው ወፍራምና ክብ ጣት ነበር። ኃላፊዋ መዝገቡንና ወረቀቱን ወደ ሰዉ አዞረችና እንዲያዩት አደረገች። ማንበብ የማይችሉትም አነበቡት።

መጋዘኑ ተከፈተ። ከስንዴው ጆንያ ኋላ ካርቶኖች ተደርድረዋል። እጆችና እግሮች ነበሩ፤ ማሰሪያቸውን አይጥ በልቶታል። ማንም ሳይለካ የተገዙ ናቸው። ሰዉ ሐረር ደርሶ፣ ተለክቶ፣ ተገጥሞለት ተመለሰ እንዲባል፣ የጉዞውም ወጪ ወጣ ተብሎ ገንዘቡ ኪስ እንዲገባ፣ ለወረቀቱ ብቻ የተገዙ። የአባቴ ስም ያለበት ካርቶን ሲከፈት ሁለት እጆች ተገኙ። ሁለቱም የቀኝ ናቸው።

«ሰላምታ ሲበዛብህ እንድትቀያይራቸው ነው» አለው ጋሼ፤ ግን ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

አባቴ እጆቹን ቆሞ አያቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «አንቺ ነሽ የተናገርሽው?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ ሰዉ ዞሮ፣ ድሮ ወታደር ሳለ ስሙ ሲጠራ እንደሚመልሰው ባለ ድምፅ፣ «ይቺ የኔ ልጅ ናት!» አለ። የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ልጁ መሆኔን ያውቃል። ቢሆንም አለ።

ሁሉም ነገር ወዲያው አልተስተካከለም። መዝገቡ እስኪጣራ ሁለት ወር ስንዴ አልታደለም። አባቴ የፈራው ደረሰ። በመንገድ ሳልፍ «በአንቺ ጣት ተራብን» ያለኝ አለ፤ ሰላምታ የነሳኝም አለ። መጋዘን ጠባቂውን ይዘው ሲሄዱ ደስ አላለኝም፤ ከረሜላውን በልቻለሁና። ግን ጣቴን መልሼ ላጥፈው ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። በሦስተኛው ወር ስንዴው መጣ፤ ዘይቱም ለመጀመሪያ ጊዜ በልኩ መጣ። ኃላፊዋ ሰው ልካ የአባቴንና የጋሼን ስም ለሐረር አስጻፈች። አባቴ ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ደረት ኪሱ ውስጥ አስከትቶኝ ለሳምንት አልተለየውም፤ ሸሚዙን ሳጥብ እንኳ መልሼ እስክከትለት ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

ሁለቱ አብረው ሄዱ፤ ጋሼ ለአባቴ እጅ፣ አባቴ ለጋሼ ትከሻ ሆነው። እንዲላመዱት እዚያው ወራት ቆዩ። እኔ ግራ ገባኝ። ጠዋት ተነስቼ ውኃ እቀዳለሁ፤ የማጥበው ፊት የለም። ጎረቤታችን ያለች ልጅ የማታ ትምህርት ልትመዘገብ ስትሄድ ተከተልኳት፤ ሰባተኛ ክፍል ተመዘገብኩ።

የሚመጡበት ቀን መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅኋቸው። አውቶቡሱ ቆመና ጋሼ መጀመሪያ ወረደ፤ ሁለት ጫማ አድርጓል። ለሚያየው ሁሉ እያሳየ ነበር። ቀጥሎ አባቴ ወረደ። ከእጅጌዎቹ ጫፍ ሁለት የብረት መንጠቆ ይታያል፤ በአንደኛው የጨርቅ ሻንጣ አንጠልጥሏል። ሻንጣው ሞልቶ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ልቀበለው ሮጬ እጄን ዘረጋሁ። ሻንጣውን ከእኔ ራቅ አደረገው።

«ተዪው» አለኝ። «አልከበደኝም።»