የኩራሳው ጠዋት በስኪልደርስዋይክ

ባለፈው ኅዳር ከሥራ ወጥቼ በሮተርዳም ሜትሮ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ የስልካቸውን ድምፅ ለቀው ሬዲዮ ይሰሙ ነበር። አንድ ሰው በፓፒያሜንቶ፣ በኩራሳው ደሴት ሰዎች ቋንቋ፣ ረጋ ብሎ የዕለቱን ሟቾች ስም ከነልጆቻቸው ከነሰፈራቸው ከጠራ በኋላ፣ ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ ወደ ነዳጅና ወደ ዶሮ ዋጋ ተሻገረ። መውረጃዬ ደርሶ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ፤ እኔ ግን አልወረድኩም። ልቤ የልጅነት ጎረቤቴ የታንታ ሉሲላ ወጥ ቤት ገብቶ፣ እግሬ መሬት የማይነካበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሄግ ውስጥ፣ ስኪልደርስዋይክ በሚባለው ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የእኛና የእሳቸው በር ፊት ለፊት ነበር። አባቴ ሰይድ ሮተርዳም ወደቡ አካባቢ መጋዘን ውስጥ ስለሚሠራ ጎህ ሳይቀድ ይወጣ ነበር፤ እናቴ ከድጃ ደግሞ በብስክሌት በየቤቱ እየዞረች አቅም ያነሳቸውን አዛውንቶች ታጥብና ታለብስ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁልፍ ይዛ የምትጠብቀኝ አልነበረችም። አንድ ቀን ታንታ ሉሲላ በራችንን አንኳኩተው፣ «ልጅቷ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ደረጃ የልጅ መዋያ አይደለም፤ እኔ ቤት ትዋል» አሏት። እናቴ ሆላንድኛው ገና ስለሚከብዳት የተረጎምኩላት እኔው ነበርኩ። ስለ ራሴ ሁለት ትላልቅ ሰዎችን ሳደራድር ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ታንታ» በእሳቸው ቋንቋ አክስት ማለት ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸው፣ ባላቸው ሞተው፣ ወጣትነታቸውን በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ወፍራም ቀይ መነጽር የሚያደርጉ ሴት ነበሩ። ቤት ገብቼ «ታንታ ሉሲላ እንዲህ አለች» ስል እናቴ፣ «አሉ በይ! እኩያሽ ናቸው?» እያለች ትቆጣኝ ነበር። እሳቸው ይህን ልዩነት በጭራሽ አላወቁም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ በአማርኛ ሳስባቸው «አሉ» ብዬ ነው የማስበው።

ቅጠሉ በሚረግፍበት ወራት፣ እኔ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ስገባ፣ በኩራሳው ገና ጠዋት ስለነበር፣ ጠረጴዛው ላይ የተደገፈው ታብሌት የደሴቲቱን ጠዋት እያወራ ይቀበለኝ ነበር። መጀመሪያ ዜና፣ ቀጥሎ የገበያ ዋጋ፣ ከዚያ ሰው እየደወለ የልቡን የሚናገርበት ሰዓት ይመጣል። ታንታ ሉሲላ ሙዝ እየጠበሱ ከጋዜጠኛው ጋር ይከራከሩ ነበር። ቬኔዝዌላ ከደሴቲቱ በጀልባ ቅርብ ስለሆነች ድሮ ቲማቲሙም ሽንኩርቱም ማንጎውም ከዚያ ተጭኖ እየመጣ በርካሽ ይሸጥ እንደነበር፣ አሁን ግን ድንበሩ ተዘግቶ ጀልባዎቹ ስለቀሩ ዋጋው ሰማይ እንደነካ የሰማሁት ከዚያ ወጥ ቤት ነው። ሴትዮዋ ሄግ እየኖሩ ኑሮ የሚወደድባቸው ኩራሳው ነበር። ትልቁ ገበያ አብሬያቸው ስሄድ፣ ሞሮኳዊው ነጋዴ በርካሽ የሚሸጠውን ቲማቲም አንስተው ከፍ ዝቅ አድርገው አይተው፣ «እህቴ ይህን ብታይ ታለቅስ ነበር» ብለው መልሰው ያስቀምጡት ነበር። ዶሮ የሚገዙት ግን ሁልጊዜ ሐላል ከሚሸጠው ቤት ነበር፤ «አንቺ የማትበዪውን ለምን እሠራለሁ?» ይሉኝ ነበር።

በዚያ ሁኔታ ሳልማር ተማርኩ፤ ብርዱ ሲገባ ፓፒያሜንቶው ሳላስበው ይገባኝ ጀመር። ሲገባኝም የደዋዮቹ ወሬ ከሽንኩርት አልፎ ነበር። ከቬኔዝዌላ አሁን የሚመጣው አትክልት ሳይሆን ሰው ነው፤ በትናንሽ ጀልባ ተጭነው ባሕሩ ዳር ይወርዳሉ፤ ሥራችንን በግማሽ ዋጋ ይወስዳሉ፤ ሴቶቻቸው ባሎቻችንን ያሳስታሉ፤ ይመለሱ፤ ይላሉ ደዋዮቹ። አንዳንዱ እየሳቀ፣ አንዳንዱ እያለቀሰ ነበር የሚናገረው። ታንታ ሉሲላ ማንኪያቸውን ጠረጴዛው ላይ እየመቱ «ልክ ናት! ልክ ነው!» ይሉ ነበር። እኔ የቤት ሥራዬ ላይ አቀርቅሬ፣ እኛስ ከየትኞቹ ነን እያልኩ ራሴን እጠይቅ ነበር፤ እሳቸውን ግን ጠይቄያቸው አላውቅም። ያን ጠይቆ ያንን የተጠበሰ ሙዝ መብላት የሚቻል አይመስለኝም ነበር።

በጥር አንድ ቀን እናቴ የምታጥባቸው ሽማግሌ ሆስፒታል ገብተው ሥራዋ ስለቀረ ቀደም ብላ ልትወስደኝ መጣች። ሬዲዮው ጦፎ ነበር፤ ሌሊቱን አንድ ጀልባ ደርሶ ኖሮ ደዋዩ ሁሉ ስለ እሱ ነው የሚያወራው። እናቴ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆማ የታንታ ሉሲላን ፊት አየችና፣ «ምን ሆኑ? ምንድን ነው የሚባለው?» አለችኝ።

«ስለ ቲማቲም ዋጋ ነው» አልኳት።

ታንታ ሉሲላ መጠየቋ ገብቷቸው ሊረዷት ፈለጉ። ለባዕድ ሰው እንደሚነገረው እያንዳንዱን ቃል እየለዩ፣ ቀስ ብለው በሆላንድኛ፣ «በጀልባ ስለሚመጡት ነው። እኔ ይመለሱ ነው የምለው። ሁሉም ወደ አገሩ» አሏት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የአየሩን ሁኔታ እንደሚነግሩ ነበር የተናገሩት። «ጀልባ»፣ «መመለስ»፣ «አገር» ግን እናቴ በስደተኞች መቀበያ ጣቢያ ሳለች ከሆላንድኛ ሁሉ አስቀድማ የተማረቻቸው ቃላት ነበሩ። ጃኬቴን አንስታ አለበሰችኝና የጃኬቱን ቁልፎች አዛንፋ ቆልፋልኝ፣ እጄን ይዛ ወጣች። ቤት ገብተን በሩ ሲዘጋ፣ «ለምን ዋሸሽኝ?» ብቻ አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እኔ ታንታ ሉሲላ ጋር መዋሌ ቀረ። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ፣ ሙቀት ማስተላለፊያው አጠገብ ተቀምጬ እናቴ እስክትመጣ እጠብቅ ነበር። አባቴ «አሮጊት ናቸው፤ የሰሙትን ነው የሚደግሙት፤ እለፊው» ሲላት፣ እናቴ «አልፌዋለሁ፤ ልጄን ግን እዚያ አላስቀምጣትም» ትለው ነበር። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ታንታ ሉሲላ «እናትሽ ደህና ናት?» ይሉኛል፤ «ደህና ናት» እላቸዋለሁ፤ ሁለታችንም ቆመን የምንጨምረው ቃል እንፈልግና ሳናገኝ እንለያያለን። ምን እንዳጠፉ የገባቸው አይመስለኝም ነበር። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር፤ አተረጓጎሜ ቢያምር ኖሮ ነገሩ የማይበላሽ ይመስለኝ ነበር።

መጋቢት ሲገባ ትኩሳት ያዘኝ። ጠዋት አልጋዬ ላይ እያቃሰትኩ እናቴ ወደ ሥራ ቦታዋ ስትደውል፣ የሚተካት ሰው እንደሌለ ነገሯት። ካልሄደች ከአልጋ የማይነሱ አንዲት ሴት እንደዚያው ይውላሉ፤ አባቴ ሮተርዳም ነው። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችኝና፣ «አብሽሪ የኔ ማር» ብላ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አቅፋኝ ወጣች። የታንታ ሉሲላን በር በእግሯ ነበር ያንኳኳችው፤ እጇ በእኔ ተይዞ ነበር። ሲከፈት በሆላንድኛ «ታመመች» አለች። ታንታ ሉሲላም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሶፋው ላይ ተኝቼ፣ ሬዲዮው እንደ ልማዱ ሲያወራ፣ ታንታ ሉሲላ ሳህን ያጥቡ ነበር። የዕለቱ ጥያቄ፣ ያለ ፈቃድ የሚኖሩትን ቤታቸው የሚያሠሩ ሰዎች ይቀጡ ወይስ አይቀጡ የሚል ነበር። ሁለት ሦስት ሰው «ይቀጡ» ካለ በኋላ አንዲት የአሮጊት ድምፅ ገባች፤ የደከመች፣ ግን የማትቸኩል።

«እንደምን አደራችሁ። ኤና ነኝ፣ ከባንዳ አባው። እኔን ቅጡኝ።»

ታንታ ሉሲላ ቧንቧውን ዘጉት።

«እግሬ ከከዳኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ» አሉ ቀጥለው። «የምታጥበኝ፣ የምታበላኝ፣ ፀጉሬን የምታበጥርልኝ ከቬኔዝዌላ በጀልባ የመጣች ልጅ ናት። ትባረር የምትሉ ሁሉ፣ ነገ ጠዋት ከእናንተ ማን መጥቶ ያጥበኛል?»

ጋዜጠኛው፣ «ቤተሰብ የለዎትም እንዴ?» ሲል ጠየቃቸው።

«እህት አለችኝ፤ ሆላንድ ናት። እሑድ እሑድ እየደወለች የዶሮ ዋጋ ትጠይቀኛለች።»

ታንታ ሉሲላ እጃቸው ውሃ እያንጠባጠበ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሬዲዮውን አላጠፉትም፤ ቀጥሎ የደወለው ሰው ስለ ነዳጅ ሲያወራ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ስለ እህታቸው ስለ ኤና ብዙ ጊዜ ነግረውኝ ነበር፤ ማን እንደሚያነሳቸው ማን እንደሚያስተኛቸው ግን እኔም ጠይቄ አላውቅም፤ ለካ ታንታ ሉሲላም ጠይቀው አያውቁም።

እናቴ ዐሥር ሰዓት ላይ ስትመጣ ታንታ ሉሲላ ከበሩ ላይ ክንዷን ይዘው አስገቧት። ለእኔም «ንገሪያት። አንድ ቃል እንዳታስቀሪ» አሉኝ። ሶፋው ላይ ቀና ብዬ፣ ኤና ያሉትን፣ የዶሮውን ዋጋ ሳይቀር፣ በአማርኛ ነገርኳት። «አላውቅም ነበር በያት፤ እህቴን ማን እንደሚያጥባት አላውቅም ነበር» አሉ። እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወለሉን እያየች ሰማች። ሰምታ ስትጨርስ፣ «በያቸው፦ እኔም በጀልባ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

እንግዶቻችንን ሁሉ የምንቀበለው ስኪፕሆል ስለነበር፣ እናቴም እዚያው ከአውሮፕላን የወረደች ይመስለኝ ነበር።

«በይ እንጂ» አለችኝ። «ከሊቢያ በያቸው። ሁለት ቀን ተኩል። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር፤ ጣልያን ስንደርስ አልነቃችም። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም ነበር።»

አስተርጓሚ ነኝና የሰማሁትን እንዳለ ወደ ሆላንድኛ መለስኩት፤ «እኔም በጀልባ ነው የመጣሁት» ብዬ፣ በራሴ አፍ፣ በራሴ ድምፅ። ታንታ ሉሲላ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እናቴን አዩ። ከዚያ፣ «ውሃ ነበራችሁ?» አሉ።

«መጀመሪያ ላይ» አለች እናቴ።

ይቅርታ የሚል ቃል ያን ቀን ከማንም አፍ አልወጣም። ታንታ ሉሲላ ተነሥተው ፉንቺ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎአቸውን አሙቀው ለሦስታችንም አቀረቡ። እናቴ አንድ ጊዜ ቀምሳ፣ «ቅቤና በርበሬ ቢኖረው የእኛው ነበር» አለችኝ፤ ይህንንም ተረጎምኩት፤ ታንታ ሉሲላ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ወደ ለቅሶ ሄደ፤ እናቴም ተነሥታ፣ በየቀኑ ሽማግሌዎቹን እንደምታደርገው፣ ከኋላቸው ቆማ ትከሻቸውን ያዘችላቸው።

ኤና ወደ ሬዲዮው መደወላቸው ዋጋ አስከፍሏቸው ነበር። ስማቸውንና ሰፈራቸውን ተናግረው ነበርና፣ በሁለተኛው ሳምንት ቤታቸው ፖሊስ መጣ፤ ልጅቷ ሱቅ ሄዳ ስለነበር አላገኟትም፤ እሷም ወሬውን ሰምታ ኖሮ ከዚያ አልተመለሰችም። የት እንደገባች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ታንታ ሉሲላ በየቀኑ መደወል ጀመሩ። ቀኑ ረዝሞ፣ ልጆች ውጪ በቧንቧ ውሃ በሚራጩበት ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት ቤታችን መጥተው፣ «ልሄድ ነው። እኔ ካላጠብኳት ማን ያጥባታል?» አሉ። አባቴ መኪና ተውሶ ወደ ስኪፕሆል ወሰደን። መሰናበቻው ላይ ልተረጉም መሃላቸው ስቆም፣ እናቴ በእጇ ገለል አድርጋኝ፣ በራሷ ሆላንድኛ፣ «ሲደርሱ ይደውሉ» አለቻቸው። ሰዋስዉ ልክ አልነበረም፤ ታንታ ሉሲላ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ያን ጊዜ ሥራዬን የተነጠቅሁ ይመስል ከፋኝ።

ኤና ከሁለት ዓመት በኋላ በእህታቸው እጅ አረፉ። ታንታ ሉሲላ እዚያው ቀሩ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩ እየራቀ ሄደ፤ ከሬዲዮው ደዋዮች ጋር ግን ዛሬም አንዳንዴ እንደሚስማሙ፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደሚሳደቡ ነግረውናል።

እኔ አሁን እናቴ የምትሠራውን ሥራ ተምሬ፣ ሮተርዳም ውስጥ በአንድ የአዛውንቶች ቤት እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳጥብ፣ ጋዜጣ ያነበቡ ወይም ቴሌቪዥን ያዩ አዛውንት ስለ ዋጋው መናር ጀምረው፣ ስለ መጤው መብዛት ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ ጀርባቸው በእጄ ነው። ያኔ በሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጬ፣ ያልተናገርኩት ነገር ሰውን የሚያስታርቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳልቆጣ፣ ፎጣውን እየጨመቅሁ፣ እናቴ እንዴት እንደመጣች እነግራቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይሰሙኝና ስንት ቀን እንደፈጀባት ይጠይቁኛል። አንዳንዶቹ ውሃው ቀዘቀዘ ይሉኛል። ለእነሱም ሙቅ ውሃ እጨምርላቸዋለሁ።